ድምፆቹም እኔም ሲቲ ስካን ገባን

ስኪዞፍሬኒያ አለብኝ፤ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማኝ የአእምሮ ሕመም ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ፣ በሃያዎቹ ዕድሜዬ የጀመረኝ ነው፤ አሁን ሃምሳዎቹን አጋምሻለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሳንባዬ ላይ ካንሰር የተገኘው ምንም ሳያመኝ ነው። ሳል የለ፣ ደም የለ፣ ኪሎ መቀነስ የለ። በጊዜ ስለተገኘ በቀዶ ሕክምና ወጣልኝ። ይህን የምጽፈው እንደኔ የአእምሮ ሕመም ላለባችሁና ለምታጨሱ፣ ወይም አጭሳችሁ ለተዋችሁ ነው። ቤተሰብም ቢያነበው ደስ ይለኛል። ግን መጀመሪያ የማወራው ከእናንተ ጋር ነው። የኛ ጉዳይ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነው የሚነገረው።

ማጨስ የጀመርኩት ከሕመሙ በኋላ ነው። ተኝቼ በታከምኩበት የመጀመሪያው ቦታ ኒያላ የያዘ ሰው ጌታ ነበር። አንዷን ለሦስት እንቀባበላታለን። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ስመጣም ያው ነው። ግሩፕ ሆም፣ ማለትም ታማሚዎች አብረን የምንኖርበት ቤት ውስጥ፣ ቀኑ የሚከፋፈለው በሲጋራ ነው። ከቁርስ በኋላ በረንዳ፣ ከመድኃኒት በኋላ በረንዳ። እዚህ አገር የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲጋራ እንደ ሽልማት ይሰጥ እንደነበር ኋላ ላይ ሰማሁ። አልገረመኝም። ሲጋራ ለኛ ሱስ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ሲያደነዝዝ ያነቃል፣ ከሰው ያገናኛል፣ ድምፆቹ ሲበረቱ ደግሞ እጃችንን ሥራ ያስይዘዋል። ይህን የማያውቅ ሰው "ለምን አትተወውም?" ሲለኝ መልስ አላገኝለትም ነበር።

የምወስደው መድኃኒት ክሎዛፒን ነው። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ነጭ የደም ሕዋሱ እንዳይወርድ ደሙን በየጊዜው ይመረመራል። ስለዚህ ለዓመታት በየወሩ አንድ ሰው እጄን ይዞ ደም ቀድቶልኛል። ስለ ሳንባዬ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። የአእምሮ ሐኪሜ "ድምፆቹ እንዴት ናቸው? እንቅልፍስ?" ትለኛለች። ፋሚሊ ዶክተሬ ደግሞ ፋይሉን ይከፍትና ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አይታየውም። ደረቴን ወጋኝ ስለው ጭንቀት ነው አለኝ። ጉልበቴን አመመኝ ስለው "መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ጉልበቴን ከክሎዛፒን ጋር ምን እንዳገናኘው እስከዛሬ አልገባኝም።

ቀልድ አይደለም ግን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድሞ ይሞታል። ብዙ ጊዜም የሚገድለን መከላከል ይቻል የነበረ የአካል በሽታ ነው። ሁሉም ጭንቅላታችንን ሲያይ ሌላው ሰውነታችን ይረሳል።

ነገሩ የተለወጠው በምታከምበት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ነው። እዚያ በየሳምንቱ እየተሰበሰብን የምንወያይበት ቡድን አለን። አንድ ቀን ሊያስተምረን የመጣው ሐኪም አልነበረም። እንደኛው ታሞ ያገገመ፣ አሁን ሌሎችን የሚያግዝ ሰው ነው፤ እዚህ ፒር ስፔሻሊስት ይሉታል። የጠቆረ ሳንባ ፎቶ አላሳየንም። አላስፈራራንም። "ስንቶቻችሁ ታጨሳላችሁ?" አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። "ለሳንባ ካንሰር የሚደረግ ቅድመ ምርመራ እንዳለ የተነገራችሁስ?" ሲል ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ሴቶቹ የጡት ምርመራ ያውቃሉ። የሳንባውን የሰማ አንድ ሰው አልነበረም። አብዛኞቻችን ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነን።

እሱ የነገረንን እኔም ልንገራችሁ። ምርመራው አነስተኛ ጨረር ያለው ሲቲ ስካን ነው፤ ሳንባን ከራጅ በበለጠ ዝርዝር የሚያነሳ ማሽን ማለት ነው። መርፌ የለውም፣ የሚጠጣ ነገር የለውም፣ መጾም አያስፈልግም። በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚደረገው። እዚህ አሜሪካ በ2021 በወጣው መመሪያ መሠረት ምርመራው የሚመከረው ዕድሜው ከ50 እስከ 80 ለሆነ፣ ቢያንስ 20 "ፓኬት ዓመት" ላጨሰ፣ አሁንም ለሚያጨስ ወይም ካቆመ 15 ዓመት ላልሞላው ሰው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የ2013 መመሪያ ከ55 ዓመትና ከ30 ፓኬት ዓመት ነበር የሚጀምረው። ስለዚህ ድሮ "አይመለከትህም" የተባላችሁ ሰዎች እንደገና ጠይቁ። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ካላችሁ የሚሸፍነው እስከ 77 ዓመት ነው። እንደኔ በአካል ጉዳት ምክንያት ከ65 ዓመት በፊት ሜዲኬር ያገኛችሁም ይመለከታችኋል።

ፓኬት ዓመት ማለት በቀን የሚጨሰው ፓኬት በዓመታቱ ቁጥር ሲባዛ ነው። በቀን አንድ ፓኬት ለ20 ዓመት ካጨሳችሁ 20 ነው። ግማሽ ፓኬት ለ40 ዓመትም 20 ነው። የኛ ሰው ችግሩ ማስታወሱ ላይ ነው። እኔ አንዳንድ ዓመታት ጭራሽ ጠፍተውብኛል። ፒሩ ያሳየኝ ዘዴ ጠቀመኝ፤ ዓመት አትቁጠር፣ ቤት ቁጠር አለኝ። እናቴ ቤት ሳለሁ ስንት አጨስ ነበር? ግሩፕ ሆም ስገባስ? ፓርኪንግ ስሠራ፣ የሌሊት ፈረቃ ላይስ? በየቤቱ እየሄድኩ ስደምረው ከሠላሳ አለፈ።

ፋይሌ ላይ የተጻፈው ግን "በቀን ሦስት ሲጋራ" ነበር። ሦስት ያልኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ታላቅ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እኛ ዘንድ በታላቅ ፊት የሲጋራ ነገር አይነሳም። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁን ሰዎች አሉ፣ አስተርጓሚውም የሰፈር ሰው ሊሆን ይችላል። ስንቱ አበሻ "አልፎ አልፎ ነው" ብሎ እንደሚያልፈው አስቡት። ኮምፒውተሩ ግን ይሉኝታ አያውቅም። በቀን ሦስት ከሆነ ምርመራው አይመለከተውም ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ሲጋራ ሊጠይቅ ሲል "ለብቻዬ ላናግርዎት" ማለት ትችላላችሁ። እህቴ ስትወጣ አልተቀየመችም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ለካ ጃኬቴን ስታጥብ ሁሉንም ታውቅ ነበር።

ቀጠሮ ይዤ ምርመራውን ስጠይቅ ፋሚሊ ዶክተሬ ወደኔ አልዞረም። ወደ እትዬ ዞሮ "ይህ የሚያስጨንቀው ይመስለኛል፤ ማሽኑ ጋ ሊረበሽ ይችላል። ለዚያውም ማጨስ ካላቆመ ምን ዋጋ አለው?" አላት። የእትዬ እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው። ወኔዋ ግን አልተሰበረም። "ዶክተር፣ እሱ እዚህ አለ። እሱን ይጠይቁት" አለችው። እኔም "የመረበሹን ነገር ለኔ ይተዉት፤ ሠላሳ ዓመት ስረበሽ ኖሬ ልምድ አለኝ" አልኩ። ሳቀ። ወረቀቱንም ሞላ።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ። አንደኛ፣ ለመመርመር ማጨስ ማቆም ግዴታ አይደለም። እያጨሱም ይመረመራሉ። ሁለተኛ፣ ሐኪሙ እምቢ ካለ ረጋ ብላችሁ "ያልላኩኝ ለምን እንደሆነ ፋይሌ ላይ ይጻፉልኝ" በሉት። ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ሐሳብ ስታስቀይር አይቻለሁ።

ሜዲኬር ካላችሁ ከመጀመሪያው ስካን በፊት ከሐኪም ጋር ተቀምጦ ጥቅሙንና ጉዳቱን የመነጋገር ቀጠሮ ግዴታ ነው። ይህን ቀጠሮ ዝም ብላችሁ አትለፉት። እኔ አስተርጓሚ ጠየቅሁ። እንግሊዝኛ እሰማለሁ፤ ስለ ካንሰር ግን በአማርኛ ነው የምፈራው። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ዘመድ እንዲያስተረጉም አልመክርም። የኛ ዘመድ ካንሰር የሚለውን ቃል እየዘለለ ነው የሚያስተረጉመው።

በዚያ ቀጠሮ የገባኝ ይህ ነው። በ2011 ውጤቱ በወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ከ53,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። በዚህ ስካን የታዩት በተራ የደረት ራጅ ከታዩት ይልቅ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በ20 በመቶ ቀንሷል። ጥሩ ዜና ነው። ሌላው ዜና ደግሞ በዚያው ጥናት ስካኑ ላይ "የሚያጠራጥር ነገር አለ" ከተባሉት ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ካንሰር አልነበረባቸውም። ማለትም በከንቱ ልትደነግጡ ትችላላችሁ። ለኛ ዓይነት ሰው ድንጋጤ ቀላል ነገር ስላልሆነ ይህን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ጨረሩም አለ፤ ግን በአንድ ዓመት ከተፈጥሮ ከምናገኘው ግማሽ ያህል ነው።

አንድ ለኛ አገር ሰው የሚጠቅም ነገር ልጨምር። በልጅነቴ ቲቢ ታምሜ ነበር። ቲቢ ሳንባ ላይ ጠባሳ ትቶ ያልፋል፤ ጠባሳው ስካኑ ላይ ይታያል። ይህን ቀድማችሁ ንገሩ። የድሮ ራጅ ካላችሁም ውሰዱ። ነጩን ነጥብ ሁሉ አዲስ ነገር አድርገው እንዳያዩት ይረዳቸዋል።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ዋናው ፍርሃቴ እሱ ነበር። ድምፆቹ ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ሥራ አልፈቱም። "ሐሳብህን ሊያነቡት ነው"፣ "አንድ ነገር ሊተክሉብህ ነው" እያሉ። የክሊኒኩ ነርስ ስካን የሚደረግበት ቦታ ደውላ ክፍሉን ቀደም ብዬ እንዳይ አስፈቀደችልኝ። ይህን ጠይቁ፤ አይከለክሉም። ሳየው እንደ ኤም አር አይ ረጅም ዋሻ አይደለም። ሁለቱም ወገኑ ክፍት የሆነ ትልቅ ቀለበት ነው። ቀጠሮውንም ጠዋት አስደረግሁት። ከሰዓት በኋላ ድምፆቹ ይበረቱብኛል፣ ሰዓቴን አውቀዋለሁ።

ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር። ማሽኑ ያወራል! "ትንፋሽ ሳብ፣ ያዝ" የሚል የተቀዳ ድምፅ አለው። ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ከላይ የሚመጣ ድምፅ ለኔ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ደግነቱ ክፍሉን ልናይ የሄድን ቀን ነርሷ ጠይቃ ደረሰችበት። በቀጠሮዬ ቀን ባለሙያዋን በግልጽ ነገርኳት። "ድምፅ እሰማለሁ። የማሽኑን ድምፅ ትተሽ ራስሽ ብታናግሪኝ ይሻለኛል" አልኳት። ምንም አልመሰላትም። "እሺ፣ ስምህን እየጠራሁ ነው የማናግርህ፤ ስምህን ካልጠራሁ እኔ አይደለሁም" አለችኝ። ይህችን ጥበብ ከየት እንዳመጣቻት አላውቅም። በጀርባዬ ተኛሁ፣ እጆቼን ወደ ላይ አደረግሁ፣ ስሜን ጠራችኝ፣ ትንፋሼን ለጥቂት ሰከንድ ያዝኩ። ልብሴን እንኳ አላወለቅሁም፤ ብረት ያለበትን ብቻ ነው። "ጨርሰናል" ስትለኝ ገና የሚጀመር መስሎኝ ነበር።

ውጤቱን በተመለከተ ይህን ምክር ስሙኝ። አሁን በሽተኛው ውጤቱን በስልኩ ላይ የሚያየው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳያየው ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ብቻችሁን ሆናችሁ እንግሊዝኛ ሪፖርት አትክፈቱ። እኔ ውጤቱ ስልኬ ላይ የሚታይበትን መክፈቻ ቃል እትዬ ቀይራ እንድትይዘው አደረግሁ፤ ውጤቱን ክሊኒክ ተቀምጠን፣ ነርሷ ባለችበት ሰማነው። በቀኝ ሳንባዬ ላይኛው ክፍል ዘጠኝ ሚሊሜትር የሆነ ኖጁል፣ ማለትም ትንሽ እብጠት አለ ተባለ። ውጤቱ በደረጃ ነው የሚነገረው። 1 ወይም 2 ከሆነ በዓመቱ ተመለስ ነው። 3 ከሆነ በስድስት ወር። የኔ 4ኤ ነበር፤ በሦስት ወር ድጋሚ መታየት።

ከሁሉም የከበደኝ ያ ሦስት ወር ነው። ቀዶ ሕክምናው እንኳ እንደሱ አልከበደኝም። ድምፆቹ አዲስ ርዕስ አገኙ። "ሞተሃል፣ አልነገሩህም" ይሉኛል። የረዳኝ ነርሷ በአማርኛ አስተርጓሚ አስጽፋ የሰጠችኝ ካርድ ነው። "ኖጁል ማለት ካንሰር ማለት አይደለም። ሐኪሞቹ እየተከታተሉት ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮህ በዚህ ቀን ነው" ይላል። ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ድምፆቹ ሲጀምሩ ሄጄ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። የአእምሮ ሐኪሜም በዚያ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ታየኝ ነበር። እናንተም ምርመራ ስታደርጉ ከውጤቱ በፊት የአእምሮ ሐኪማችሁ ይወቅ። ከፈራችሁ በኋላ ሳይሆን በፊት። ጸበሌንም አልተውኩም፤ መድኃኒቴንም አላቋረጥኩም። አባ ራሳቸው "መድኃኒትህን ውጠህ ና" ይሉኛል።

ሁለተኛው ስካን ላይ እብጠቱ አድጎ ተገኘ። ፔት ስካን የሚባል ሌላ ምስል፣ ከዚያ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከእብጠቱ ቁራጭ ወስዶ መመርመር፣ ከዚያ "ካንሰር" የሚለው ቃል መጣ። ቤተሰቡ ማድቤት ውስጥ ሲንሾካሾክ ሰማሁ። "አይነገረው፣ ሕመሙ ይብስበታል" ይባባላሉ። ወጥቼ "ድምፆቹ ከዚህ የባሰ ነግረውኛል፤ እናንተ ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ" አልኳቸው። ቤተሰቦች ሆይ፣ አትደብቁን። የሚደበቅ ነገር እንዳለ ስናውቅ ነው የምንታመመው። ሁሉም ሰው ስለኔ እያወራ ነው ብዬ ሳስብ ለአንድ ጊዜ እንኳ እውነት ሆኖ መገኘቱ ጥሩ አይደለም።

የቀዶ ሐኪሙ ቢሮ ለፊርማ የደወለው ለእህቴ ነው። እኔ ሕጋዊ ሞግዚት የለኝም። ስኪዞፍሬኒያ ስላለብኝ ብቻ ስለ ገላዬ የመወሰን መብቴ አልተወሰደም። የአእምሮ ሐኪሜ ነገሩን ተረድቼ መወሰን እንደምችል አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ደብዳቤውን ቀድማችሁ አስጽፉ። ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳና በካሜራ የሳንባዬን ላይኛውን ክፍል አወጣልኝ። ካንሰሩ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ስለነበረ ኬሞ አላስፈለገኝም።

ክሎዛፒን የምትወስዱ ሰዎች ይህን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡት። ሆስፒታል ስትገቡ መድኃኒቱ ሁለት ቀን ከተቋረጠ ከዚያ በኋላ በነበረው መጠን አይቀጠልም፤ ከትንሹ መጠን እንደገና ነው የሚጀመረው። ስለዚህ የመድኃኒት ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ማታ ማታ ስጡኝ በሉ። እሱን እኛ አሳምረን ይዘነዋል። ያላሰብነው ሌላውን ነው። ሆስፒታል ውስጥ አይጨስም። ስለዚህ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ አቆምኩ፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፓች ለጠፉልኝ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ከጥቂት ቀናት በኋላ መንቃት አቃተኝ። ለሃጬ ይዝረበረባል፣ ስቆም እወድቃለሁ፣ ምላሴ ይተሳሰራል። የዋርዱ ሰዎች የሕመም ማስታገሻው ነው አሉ። ቤተሰቡ ሕመሙ ተነሳበት አለ። ልትጠይቀኝ የመጣችው የክሊኒኬ ነርስ ገና በር ላይ ቆማ "ሲጋራ ካቆመ ስንት ቀን ሆነው? በደሙ ውስጥ ያለው ክሎዛፒን ተለክቷል?" አለች። አልተለካም። ሲለካ ከሚገባው በላይ ወጥቶ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ውስጥ ክሎዛፒንን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያበረታዋል። ስለዚህ የሚያጨስ ሰው ብዙ መጠን ያስፈልገዋል። ማጨስ ሲያቆም ኢንዛይሙ ይቀዘቅዛል፤ ያው ክኒን ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። በጣም ከበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም፤ ስለዚህ ፓች ወይም የኒኮቲን ማስቲካ ቦታውን አይተካም። ኦላንዛፒን የሚባለውን ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስዱም ይመለከታችኋል። ሁሉም መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም፤ የእናንተን ጠይቁ። የተገላቢጦሹም አለ። መጠኑ ከተቀነሰ በኋላ ማጨስ ከጀመራችሁ መድኃኒቱ ያንሳችሁና ድምፆቹ ይመለሳሉ። እኔ አንድ ለቅሶ ላይ ተሸንፌ ጥቂት ቀን ሳጨስ በማግስቱ ለአእምሮ ሐኪሜ ደወልኩ። አልተቆጣችም፤ ደም አስለካችልኝ። ከማፈር መደወል ይሻላል።

ቡናም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። ካፌይንን የሚሰባብረው ያው ኢንዛይም ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው እንደ ድሮው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሲጠጣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሰው ደግሞ "ሲጋራ ስለተወ ነው የሚነጫነጨው" ይለዋል። ብዙ ቡና ደግሞ ራሱ ክሎዛፒኑን ከፍ ያደርገዋል። እኔ ሐኪሜን አማክሬ ከአቦል በኋላ ስኒዬን እገለብጣለሁ። እትዬ መጀመሪያ ተቀየመች፤ አሁን ለምዳዋለች።

ማቆሙን በተመለከተ አንድ የቆየ ወሬ ላስተካክል። ቫሬኒክሊን የሚባለው ማጨስ ለማቆም የሚረዳ ክኒን ለአእምሮ ሕመምተኛ አይሆንም ይባል ነበር፤ ማሸጊያው ላይም ከባድ ማስጠንቀቂያ ነበረው። በ2016 ከ8,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ፤ ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ነበሩ። ክኒኑ ከባዶ ክኒን ይልቅ የአእምሮ ችግር በጉልህ አላባባሰም፤ በዚያው ዓመት ማስጠንቀቂያው ተነሳ። ስለዚህ "ለአንተ አይሆንም" ካሏችሁ እንዲያጣሩ ጠይቁ። እኔ ከፓቹ ጋር እሱን ወስጄ ነው የሰነበትኩት፤ የአእምሮ ሐኪሜ እያየችኝ።

ስለ ገንዘብም ልበል። ዓመታዊው ምርመራ መስፈርቱን ለሚያሟላ ሰው በሜዲኬርም ሆነ በአብዛኛው የግል ኢንሹራንስ ያለ ክፍያ ነው። ነገር ከተገኘ በኋላ የሚደረገው ተከታይ ስካን ግን በሌላ ስም ይመዘገባል፤ ቢል ሊመጣባችሁ ይችላል። ከቀጠሮው በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ ሶሻል ወርከር ካላችሁ እሷ ትደውል። ለንደንና አካባቢው ያላችሁ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ከ55 እስከ 74 ዓመት ለሆኑ፣ ለሚያጨሱና አጭሰው ለተዉ ሰዎች የሳንባ ምርመራ ፕሮግራም አለ፤ የግብዣ ደብዳቤ ከመጣላችሁ ወደ ጎን አታድርጉት።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ምንም ምልክት የሌለውን ሰው ነው። ደም የቀላቀለ አክታ፣ የማይለቅ ሳል፣ ያለምክንያት የሚቀንስ ኪሎ ካለ ዓመታዊ ምርመራ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ይኬዳል። "ጭንቀት ነው" ከተባላችሁም ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

ለቤተሰብ የምላት አንዲት ነገር አለች። ሐኪሙ "ያለ ፈቃዱ ስለ እሱ መናገር አልችልም" ሊላችሁ ይችላል፤ እውነቱን ነው። ግን እናንተ የምትነግሩትን ከመስማት የሚከለክለው ሕግ የለም። "ወንድሜ ይህን ያህል ያጨሳል፣ ክሎዛፒን ይወስዳል፣ ልጅ ሳለ ቲቢ ነበረበት" ብላችሁ መልእክት ተዉ። ለታማሚው ደግሞ ሁለቱ ሐኪሞች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ የሚፈቅደውን ወረቀት ደህና በሆነበት ቀን አምጡለትና አንብቦ ይፈርም። እኔ የፈረምኩት ወረቀት አሁን የሁለቱም ፋይል ውስጥ አለ፤ አንድ ግልባጭ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

ማጨስ ለማቆም እገዛ የምትፈልጉ አሜሪካ ያላችሁ በ1-800-784-8669 ደውሉ። ጥሪው ነፃ ነው። ሲያነሱት "አማርኛ" በሏቸውና አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱም ከመጀመሪያው ንገሯቸው።